ተጠርቶ የሚመልስ ስም

«እንዲህ ይሻላል ወይስ እንዲህ?» ይላል ቀለም ቀቢው። በጀልባዋ ቀኝ ጎን ላይ አንድ ስም በጠመኔ በሁለት ዓይነት ፊደል ጽፎ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሏል። አንደኛው ወፍራም፣ ረጋ ብሎ የተቀመጠ ነው። ሁለተኛው ቀጭን፣ ጫፍ ጫፉ የተጠማዘዘ፣ የሠርግ መጥሪያ ላይ የሚወጣው ዓይነት።

ስሙ የአባቷ ነው።

ልጅቷ የምትይዘው ስታጣ የቀለሙን ቆርቆሮ አቅፋ ቆማለች። አባቷ የአውቶቡስ መካኒክ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ስለ ጀልባ አንድም ነገር ሳያውቅ ጓሮ ውስጥ ይህችን ጀመረ። መጀመሪያ የሠራት ጊዜ ከጓሮው በር አልወጣ ብላው አፍርሶ እንደገና ገጠማት። «ለእናትሽ መዝናኛ ነው» ይል ነበር። እናቷ ደግሞ «እኔ ውኃ የምወደው በብርጭቆ ነው» ትለዋለች። የመጨረሻው ቫርኒሽ ሳይደርቅ ሞተ። ስም እንኳን አላወጣላትም።

ዛሬ ሐይቁ ዳር ሁለት ግንድ ላይ ተቀምጣለች። ነገ ውኃ ትገባለች።

«ወፍራሙ ይሁን» ትላለች እናት። «እሱ ቀጭን ነገር አይወድም።»

«አንቺን ሲያገባ ቀጭን አልነበርሽ እንዴ?» ትላታለች ልጅቷ።

«ለዚህ አይደል ሲያበላኝ የኖረው።»

ቀለም ቀቢው ይስቃል። ልጅቷም ትስቃለች፣ ሆዷ ግን አልሳቀም። እዚህ ዳር ጀልባ እንዴት እንደሚጠራ ታውቃለች። «እገሌ ያፈሳል፤ ገልብጡት። እገሌን ሸጡት እንዴ?» ይባላል፣ በስሙ እየጠሩ። ያ ስም ጮክ ተብሎ ሲጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችው በቀብሩ ቀን ነው። ይህን ለእናቷ እንዴት ብላ ትነግራታለች? ዓመት ሙሉ ምንም ያልጠየቀች ሴት የጠየቀችው ጀልባዋ በስሙ እንድትጠራ ብቻ ነው።

ቀለም ቀቢው ቆርቆሮውን ከእጇ ይቀበላል፤ ግን አይከፍተውም።

«መጀመሪያ ይጥሩልኝ፣ እትዬ» ይላል። «እኔ ስሙ ሳይጠራ ቡሩሽ አላነሣም። ጀልባ ስም የሚወጣላት ለጌጥ አይደለም፤ ጭጋግ ሲሆን ከዳር ሆነው ሊጠሯት ነው። አፍ ላይ እምቢ ያለ ስም ስንቱን ጽፌ አጥፍቻለሁ። እዚያ ጫፍ ድረስ ይሂዱና ይጥሩ። አንቺ ደግሞ ውስጥ ገብተሽ ቁጭ በይ፤ ይደርስ እንደሆን ትነግሪናለሽ።»

ልጅቷ ጀልባዋ ውስጥ ገብታ አባቷ በላገው መቀመጫ ላይ ትቀመጣለች። እናት ወደ ውኃው በገባው የእንጨት መረማመጃ ላይ፣ መደገፊያውን ሙጭጭ አድርጋ፣ ወደ ታች ሳታይ ትሄዳለች። ጫፉ ላይ ዞራ ትቆማለች። አፏን ትከፍታለች። ትዘጋለች። ሻርፗን ታስተካክልና እንደገና ትከፍታለች።

«ምነው እትዬ?»

«ቆይ… አፌ አልለመደውም።»

ልጅቷ ይህን ስትሰማ አንድ ነገር ይገባታል። ዕድሜዋን ሙሉ እናቷ አባቷን በስሙ ስትጠራው ሰምታ አታውቅም። ለሰው ሲሆን «የልጄ አባት» ነው። እቤት ከሆነ ከማድ ቤቱ መስኮት ወደ ጓሮው «አንተ ሰውዬ!» ትላለች። እሱም ከሳንቃው ላይ ቀና ሳይል፣ ድምፁን እየጎተተ «መጣሁ» ይላል። አይመጣም። ምሳው ቀዝቅዞ፣ ተሙቆ፣ እንደገና ይቀዘቅዛል፤ እሱ አሁንም «መጣሁ» ነው። ሐኪም ቤት እንኳን ነርሷ ስትጠራው ዐይኑን ሳይገልጥ «መጣሁ» ብሏታል።

እናት መደገፊያውን ትለቃለች።

«አንተ ሰውዬ!»

ድምፁ ውኃውን ተሻግሮ ይመጣል፤ ለምሳ እንደሚጠራ ሰው፣ ትንሽ ቆጣ ያለ። ልጅቷ ሳታስበው ሳንቃው ላይ አቀርቅራ፣ በእሱ ዜማ፣ ጎትታ ትመልሳለች።

«መጣሁ…»

ቀለም ቀቢው መሬት መሬቱን ያያል። ልጅቷ ምላሷን ነክሳ ትጠብቃለች። መረማመጃው ጫፍ ላይ የእናቷ ትከሻ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ከዚህ አይለይም።

«ውሸታም» ትላለች እናት በመጨረሻ። «ሾርባው ቀዝቅዟል።»

ስትመለስ መደገፊያውን አልያዘችም። ጀልባዋ ጎን ስትደርስ በሻርፗ ጫፍ የባሏን ስም አንድ አንድ ፊደል እያለች፣ ሳትቸኩል ታብሳለች፤ ወፍራሙንም ቀጭኑንም።

«የመለሰልኝን ይጻፉልኝ» ትላለች።

«መጣሁ?» ቀለም ቀቢው ጭንቅላቱን ያካል። «እትዬ፣ ጀልባ መጣሁ ተብላ ትጠራለች እንዴ?»

«የምጠራትስ እኔ ነኝ። እሷ ትመልስልኝ።»

ጠመኔውን ያነሣል። በወፍራሙ ይጽፋል። ልጅቷ ከውስጥ አንገቷን አስግጋ «መጨረሻዋን ይጎትቷት ጋሼ» ትለዋለች፤ «እሱ ይጎትታት ነበር።» ቀለም ቀቢው የመጨረሻዋን ፊደል ክንድ እስከ ጀልባዋ አፍንጫ ድረስ ይስባታል። ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ ጀልባዋ ኋላ ይዞራል።

«ከኋላ አይጻፉ» ትላለች እናት።

«ደንቡ እኮ ነው። ስትሄድም ትታወቅ።»

«ስትሄድ ምን ያደርግልኛል? ከፊት ይበቃል።»

ቆርቆሮው ይከፈታል። እናት እጇን ለልጇ ትሰጥና አንድ እግሯን፣ ቀጥላ ሌላውን አሻግራ ጀልባዋ ውስጥ ትገባለች። ግንዱ ላይ፣ ደረቅ መሬት ላይ ናቸው። እሷ ግን የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ነው የተቀመጠችው፤ ማዕበል የመጣ ይመስል።

ከሳንቃው ማዶ ቡሩሹ ሲሄድ ይሰማል። ሁለቱም ያዳምጡታል። የመጨረሻዋ ፊደል ላይ ሲደርስ ይጎተታል፣ ይጎተታል፤ ቶሎ አያልቅም።