የኮንትራክተሩ መንጋጋ

የተበላሸ ሥራ በተነካ ቁጥር ሠሪውን ጥርሱን እንዲያመው ከታወጀ ወዲህ፣ ወይዘሮ ስንዱ ኮንትራክተሯን መለመን ትታለች። የአዲሱ ቤቷ መታጠቢያ ክፍል ሴራሚክ ገና ከመግባቷ ተሰነጣጠቀ፤ እሷም በተረከዟ ረገጠችው። ስልኳ ወዲያው ጮኸ።

«ኧረ እትዬ ስንዱ፣ መንጋጋዬን!» አለ ኮንትራክተሩ ይድነቃቸው።

«‹ስንጥቁ ዲዛይን ነው› ብለኸኝ የለ? እስክስታ ልወርድበት ነው።»

«መጣሁ! በእናትዎ፣ ጫማዎን ያውልቁ!»

ጉንጩን ይዞ እየሮጠ መጣ። ተንበርክኮ አዲስ ሴራሚክ ገጠመ። ሲደርቅ ዘላ አረፈችበት። ይድነቃቸው ጉንጩን ዳበሰ፤ ምንም አላመመውም።

«እልልልል!» አለች ስንዱ።

እልልታዋ ሳያልቅ የራሷን ጥርስ ነዘራት። ልብስ ሰፊ ናትና ትናንት ያስረከበችው ቬሎ ትዝ አላት። ለሙሽራዋ እናት ደወለች።

«እንዳትቀመጥ በሉልኝ! መርፌዬን ይዤ መጣሁ!»