የሻኛው ዕጣ

ጌታነህ ዕጣው ያለበትን ባርኔጣ ሊያነሳ ሲል እጁን ለቀም አደርገዋለሁ። ዘንድሮስ አይሆንም።

ነገ መስቀል ነው። እኛ የሶዶ ጎረቤታሞች ለስምንት ሆነን በቅርጫ የገዛነው የሁምቦ በሬ፣ በተድላ ግቢ በኮባ ቅጠል ላይ ስምንት መደብ ሆኖ ተደርድሯል። መደቦቹ እኩል ናቸው። ሻኛው ብቻ፣ ቢቆራረጥ ለማንም አይሆንም ተብሎ፣ ሙሉውን አንዱ መደብ ላይ ተቀምጧል። ያ ሻኛ አምናም ካቻምናም የደረሰው ለፈጠነች ነው። ባሏ ሞቶ በእሱ ቦታ ቅርጫው ውስጥ ከገባች ወዲህ ማለት ነው። ዕጣ ጣዩ ደግሞ ሁለቴም ጌታነህ፤ ሚስት የሌለው ጌታነህ። እኔ ቂል አይደለሁም።

ሌሎቻችን ለምልክት ጠጠር፣ ስንጥር እንጨት ወይ የበቆሎ ፍሬ ነው የምናስገባው። እሷ ግን ሁልጊዜ የሟች ባሏን የኮት ቁልፍ ነው። ጌታነህ ፊቱን ቢያዞርም ጣቱ ቁልፍን ከጠጠር ይለያል ብዬ በሰው ፊት እናገራለሁ። ቢሮ እንደለመድነው ግምገማ ይደረግ፣ ነገሩ ከተረጋገጠ ሴትየዋ ከቅርጫው ትውጣ እላለሁ። ጌታነህ ፊቱ ይቀላል። ሴቶቹ ፈጠነችን ገልመጥ ያደርጓታል።

የሂሳብ አስተማሪው ሚናስ ሊያበርደን ይሞክራል። ዕጣው በየዓመቱ እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው፣ ሁለቴ የደረሳትም ሴት ዘንድሮ እንደ ማንኛችንም ከስምንት አንድ ዕድል አላት ይለኛል። «ዕጣ እኮ አምናን አያስታውስም፣ የባርኮት አባት።»

ይህን ሄዶ ለተማሪዎቹ ይንገር።

ፈጠነች ፊቴ መጥታ ትቆማለች። «ስሜን ከሚያጠፉት፣ ዕጣውን እርስዎው ራስዎ ይጣሉት» ትለኛለች።

ደስ ይለኛል። እኔን ማን ይጠረጥራል? ባለቤቴ አሳየሽ ሻሿን ፈትታ ዓይኔን ግጥም አድርጋ ታስረዋለች። ሚናስ እጄን ይዞ ወዲያ ወዲህ ሲያዞረኝ የትኛው መደብ ጋ እንዳለሁ ይጠፋኛል። እሱ ከመደብ መደብ እየመራኝ፣ ከባርኔጣው አንድ በአንድ እያወጣሁ እጥላለሁ። ስንጥር። ጠጠር። ከዚያ ጣቴ ቁልፉን ያገኘዋል፤ ቀዳዳዎቹ ሳይቀሩ ይታወቁኛል። መልሼው ሌላ ባወጣ ማን ያያል? ግን ምን አስጨነቀኝ፣ ሁለት ዓመት የበላች ሴት ሦስተኛ አይደርሳትም። እጥለዋለሁ።

የቀሩትንም ጨርሼ ሻሹን ከዓይኔ አወርዳለሁ።

ቁልፉ ሻኛው ላይ ተቀምጧል።

ፈጠነች አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች። ጌታነህ ትክ ብሎ ያየኛል። የተድላ ሚስት ለጎረቤቷ በወላይትኛ የሆነ ነገር ታንሾካሹክና ሁለቱም ወደ እኔ ይዞራሉ። ወላይትኛ አሳምሬ እሰማለሁ፤ ምነው ባልሰማሁ።

አሳየሽ የእኛን ድርሻ ወደ ሳፋ ትገለብጣለች። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ሥጋውን እያገዝኳት፣ ቀስ አድርጌ፣ «ዕጣ እኮ አምናን አያስታውስም» እላታለሁ።

ቀና አትልም። «እኔ ያሰርኩት ዓይንህን ነው» ትለኛለች። «ጣትህን አላሰርኩም።»

እጄን ሱሪዬ ላይ እጠርጋለሁ። ሞራው አይለቅም።