በልብ የወረደው ሶለዋት

ነርቭን የሚበላው ኤምኤስ የሚሉት በሽታ ከያዘኝ ጀምሮ፣ እዚህ ኢራን፣ ኢስፋሃን ሆስፒታል ኤምአርአይ ክፍል በየዓመቱ ማሽኑ ውስጥ የሚያስተኛኝ ባለሙያው ሲያማክ ነው። ዘንድሮ ዶክተሩ ማየት የፈለጉት አንጎሌ ውስጥ ውሃ የሚያመነጨውን፣ በበሽታው ያበጠውን ሥጋ ነበር። እብጠቱ ካልጎደለ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ እግሬን አላምነውም።

የመጀመሪያው ምስል ተበላሸ። ሲያማክ ገብቶ እንደ ወትሮው በአክብሮት "ኻኑም"፣ እመቤት፣ እያለ አናገረኝ።

"መህለቃ ኻኑም፣ ሶለዋት ሲያወርዱ ራስዎ ይነቃነቃል። በልብዎ ያድርጉት።"

"ለነቢዩ ሰላምታ ብልክ ማሽንህ ይቀናል እንዴ?"

"ማሽኑስ አይቀናም፤ ዶክተሩ ግን እኔን ይበሉኛል።" ስቆ፣ ችግር ካለ ጨብጬ የምጠራበትን የጎማ ኳስ መዳፌ ውስጥ አስቀመጠና ወጣ።

ጥርሴን ገጥሜ በልቤ ጀመርኩ። የማሽኑ ድብደባ ጋብ ሲል የሲያማክ ድምፅ በማጉያው መጣ።

"አሁን ምስሉ ጠርቷል። ግን ኻኑም፣ ሶለዋቱ እስካሁን ይሰማኛል፤ ከንፈር ሳይነቃነቅ እንዴት ቻሉበት?"

ድምፅ አላወጣሁም ነበርና ኳሷን ጨበጥኳት።

"ምን ሆኑ?"

አፌን ሳልከፍት፣ የገዛ ድምፄ ከራስጌዬ መለሰለት።

"ምንም አልሆንኩ፣ ልጄ። ቀጥል።"