ከአስር ወደ አንድ

በክሊኒኩ የማስታወስ ችሎታውን ለመፈተሽ በቀረበለት ታብሌት ላይ ቁጥሮች ተበታትነው ነበር። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ጣቱን ሳያነሳ ከአንድ ጀምሮ በተራ እያገናኘ አስር ደረሰ። ነርሷ፣ «ጨርሰዋል አባባ፤ እጅዎን ያንሱ» አለችው። አላነሳም። ጣቱን አዙሮ በመጣበት መስመር ወደ አንድ ይመለስ ጀመር። ታብሌቱ ጢጥ አለና ቀይ አበራ።

«አባዬ፣ አስር ላይ ያበቃል ተብለሃል እኮ» አለች አጠገቡ የተቀመጠችው ልጁ።

«አውቶቡሱን እዚያ ጥዬው ልሂድ? ማደሪያው አንድ ጋ ነው» አላት፣ የተሳሳተችው እሷ ይመስል ረጋ ብሎ።

ነርሷ ልጅቱን አየች፤ ልጅቱ ጣቱን አየች። ዕድሜ ልኩን ያደረገውን ነው ያደረገው። ታዲያ ይሄ መርሳት ነው ወይስ አለመርሳት? ትሳቅ ታልቅስ ግራ ገባት።

ደግፋው ሲወጡ፣ በሩ ጋ እጇን አስለቀቃትና ተመልሶ ጎንበስ እያለ ከወንበሮቹ ሥር ያይ ጀመር።

«አባዬ፣ ምን ጠፋብህ?»

ቀና ሲል የእሷን ቦርሳ ይዞ ነበር። «ተሳፋሪ መቼም አንድ ነገር ሳይረሳ አይወርድም» አለና ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለላት።