የምርቃት ቀሚስ

ተመራቂዋ ወደ ክፍሉ ስትገባ የሚቀደድ ነገር ድምፅ ሰማች። አያቷ አዲሱን ስስ የሐር ቀሚስ ከስፌት መኪናው ላይ አንስተው፣ ጠርዙ ላይ በሁለት እጃቸው ይሸረክቱ ነበር።

«እማማ! ምርቃቴ እኮ ነገ ነው! ምን ልለብስ ነው?»

«ጆሮዬን አታደንቁሪው፤ ይልቅ ነይ ያዢልኝ» አሉ አሮጊቷ። «እንዲህ የሳሳ ጨርቅ ብቻውን ከተሰፋ መኪናው ይውጠዋል። ከደብተርሽ ያልጻፍሽባቸውን ገጾች ከሥሩ አንጥፌ ነው የሰፋሁት፤ የምቀደው ወረቀቱን ነው። እንኳንም ሰነፍሽ!»

የመጨረሻው ቁራጭ ወለሉ ላይ ወደቀ። ቀሚሱ ምንም ሳይሆን፣ ስፌቱ ቀጥ ብሎ፣ በመስኮቱ በገባው ነፋስ ተንሳፈፈ። ልጅቷ በደስታ ጮኸች፤ ሸሚዟን እንኳ ሳታወልቅ ከላዩ ልታጠልቀው መታገል ጀመረች።

«ቀስ በይ፣ አንቺ!» አሉ አያቷ። «አሁን ነው የሚቀደደው!»