ከደኑ ወዲያ

ቀዩ ሣጥን ከስክሪኑ አናት ብቅ ሲል አብዱልሃኪም አውሮፕላኑን ወደ ግራ ጥግ አሸሸ። ዘሊካ ሣጥኑን ወሰደችውና የእሷ አውሮፕላን በአንድ ፋንታ ሁለት ጥይት ይተኩስ ጀመር። እንዲህ ሲያደርግ ሦስተኛ ጊዜው ነው። የእሱ አውሮፕላን ገና እንደ ጅማሬው አንዲት ቀጭን ጥይት እየተፋ ከእሷ ጎን ይሄዳል፤ ከሥራቸው ወንዙ ከላይ ወደ ታች ይፈስሳል።

"ሣጥኑ መሣሪያ ያጠነክራል። ነግሬሃለሁ አይደል?" አለችው፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል።

"ነግረሽኛል።"

"እና?"

"አንቺ ውሰጅው።"

ጌሙ የወንድሟ የሙኽታር ነበር። እሱ አግብቶ ጎንደር ከገባ ወዲህ አሮጌው ዕቃ ከቴሌቪዥኑ ሥር አቧራ ለብሶ ከርሟል። ዛሬ የአብዱልሃኪም አጎት ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ከሐሙሲት መጣና ዘሊካን ለወንድሙ ልጅ ጠየቀ። አባቷ ኢድሪስ "መጀመሪያ ልጆቹ ይተዋወቁ" ብሎ እንግዶቹን ወደ ግቢ ይዟቸው ወጣ። ግቢው ውስጥ እሱ የሚሠራው ጀልባ ግማሽ ደርሶ ቆሟል፤ ያንን እየዞሩ ያያሉ። ሳሎን የቀሩት ዘሊካ፣ አብዱልሃኪምና በሩ አጠገብ ተቀምጣ የዓሣ መረብ የምትጠግነው አክስቷ ዘሀራ ናቸው።

ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው መቀመጣቸው የሰለቻት ዘሀራ ናት፣ "የምንጣፉን አበባ ከምትቆጥሩ ያን ጌም ክፈቱት" ያለችው።

ዘሊካ የጌሙን ካሴት እፍ እፍ ብላ ሰካችው። እስከዚያች ሰዓት ስለ ሰውየው ይህ ነው የሚባል ነገር አላወቀችም። ስለ ሥራው ብትጠይቀው "አልሐምዱሊላህ" አለ፤ ስለ ሐሙሲት ብትጠይቀው "ደህና ነው" አለ። እህል ይነግዳል፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ ነው፣ ድምፁ ዝግ ያለ ነው። በዚህ ብቻ ለአባቷ እሺ ወይም እምቢ ማለት አለባት።

ወንዙ አልቆ ደን መጣ። ሌላ ሣጥን ብቅ ሲል ዘሊካ አንድ ነገር ልትሞክር ፈለገች። አውሮፕላኗን ወደ ቀኝ ጥግ ወስዳ አቆመች። ሣጥኑ ቀጥ ብሎ በአብዱልሃኪም ላይ ይወርዳል፤ ዝም ብሎ ቢቆም እንኳ ይደርሰዋል። እሱ ግን ፈቀቅ አለለት፤ ሣጥኑም በመካከላቸው አልፎ ከስክሪኑ ሥር ጠፋ።

ዘሊካ ማቆሚያውን ተጫነች። የደኑ ዛፎች ባሉበት ቀሩ።

"ይኸን ለምን አደረግህ? ለእኔ ተውህልኝ እንዳልል እኔ ሩቅ ነበርሁ። ለማንም ሳይሆን ቀረ።"

አብዱልሃኪም በእጁ የያዘውን ጆይስቲክ አገላብጦ አየው። ከግቢ የአጎቱ ድምፅ ይሰማል። "ይኸ ልጅ እኔ ቤት ሲያድግ አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም፤ ቁራሽ እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም" ይላል።

አብዱልሃኪምም ሰማው። ፈገግ ሊል ጀምሮ ተወው።

"ልማድ ነው መሰለኝ" አለ። "አባቴ የሞተው በሕፃንነቴ ነው። አጎቴ ደግ ሰው ነው፣ ክፉ አልዋለብኝም። ግን የራሱ ልጆች ብዙ ነበሩ። ከትሪው መሐል አንስቼ አላውቅም፤ እነሱ እስኪያነሱ እጠብቃለሁ። ቢተርፍም እጄ አይሄድም። ዛሬ የራሴ ቤት አለኝ፤ ብቻዬን ስበላ እንኳ ከዳር ከዳሩ ነው የምበላው።"

ይህን ማንም አላስጠናውም። የዘሀራ እጅ መረቡ ላይ ቆመ፤ "የኔ ልጅ" አለች በቀስታ።

ዘሊካ ልታዝንለት አልቃጣትም። ይልቅ ስለዚህ ሰው ሌላም ሌላም ማወቅ አማራት፤ ሲናደድ ምን እንደሚል፣ ምን እንደሚያስቀው፣ በዕድሜው አንድ ቀን "ይኸ የኔ ነው" ብሎ ያውቅ እንደሆነ።

"ስማ" አለችው። "በዚያች ጥይት ከሄድህ ቀድመህ ትሞታለህ፤ እኔንም ጠላቶቹ ብቻዬን አግኝተው ይጨርሱኛል። ሲመጣ ውሰድ።"

"ብትፈልጊውስ?"

"እጮኻለሁ።"

ሳቀ። ከፊት አንዲት ጥርሱ በሌላዋ ላይ ተደርባለች፤ እስካሁን አላየቻትም ነበር።

ማቆሚያውን መልሳ ስትጫን ዛፎቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ሣጥኑ ሲመጣ የእሱ አውሮፕላን ወደፊት ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

"ወሰድሁት" አለ፣ እየፈራ አይቷት።

"አየሁ። ተኩስ።"

ተኮሰ። የሚቀጥለውን ከአፍንጫዋ ሥር ነጠቃት።

"ይኸ የኔ ነበር!"

"አልጮኽሽም እኮ።"

ዘሀራ መረቡን ጭኗ ላይ ጥላ ታያቸዋለች። ጠላት ከግራ ሲመጣ እሱ፣ ከቀኝ ሲመጣ እሷ እየተቀበሉ ሄዱ፤ ድንገት ደኑ አለቀ። ከሥራቸው ሰፊ ሰማያዊ ውሃ ተዘረጋ።

"ምንድን ነው ይኸ?" አለ አብዱልሃኪም።

"አላውቅም። ከሙኽታር ጋር ስንት ክረምት ተጫውተነዋል፤ ሁሌም ደኑ ውስጥ ነው የምናልቀው። እዚህ ደርሼ አላውቅም።"

በሩ ላይ የአባቷ ድምፅ ተሰማ። "ዘሀራ፣ እንግዶቹ ሳይመሽባቸው ሊነሱ ነው።"

ዘሀራ ወደ ዘሊካ ዞረች። "ምን ልበላቸው?"

አብዱልሃኪም ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አላነሳም፤ አውሮፕላኑ ግን መተኮስ አቆመ።

"ትንሽ ይቆዩ በያቸው" አለች ዘሊካ። "እኛ ገና ነን።"

ዘሀራ ከቀሚሷ ላይ የክር ቁርጥራጭ አራግፋ ወጣች። የሁለቱ አውሮፕላኖች ጥላ ውሃው ላይ ጎን ለጎን ወድቋል፤ ከላይ፣ ከስክሪኑ ጠርዝ፣ አንዲት አረንጓዴ ደሴት ቀስ እያለች ትወርድ ጀመር።