የኋላው በር

ሙጋያ አሸዋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ የጀልባዋን ሆድ ኖራ እየቀባ ሳለ፣ አንድ ጥንድ የወታደር ጫማ ከራስጌው መጥቶ ቆመ።

ጫማው የሻምበሉ ነው። ከኋላው ሁለት ወታደሮች አንድ ከባድ ብረት ተሸክመው እየተንገዳገዱ መጡና አሸዋው ላይ ጣሉት። ብረቱ አራት እግር አለው፤ አናቱ ላይ ክብ ቀለበት። የመትረየስ ማቆሚያ ነበር።

ሻምበሉ ነገሩን ባጭሩ ጨረሰው። ሐይቁ ላይ በተከለከለ መረብ የሚያሰግሩ በዝተዋል፤ ጀልባዋ ለጥበቃ ተፈልጋለች፤ ይሄ ከፊቷ ላይ ይበየድና ነገ ጠዋት ይረከቧታል። የበሽተኛ ጀልባ የተባለው ነገር ደግሞ ለሚመጣው ዓመት ይታያል። ኖራ ሊቀቡ የመጡት ሴቶች እጃቸው እንደነጣ ቀጥ ብለው ቆሙ።

ጀልባዋ የተሠራችበት ብረት ከየት እንደመጣ ለደሴቲቱ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከሁለት ዓመት በፊት የመንገደኛዋ መርከብ ወደቡ በዓይን እየታያት ተገልብጣ፣ ሰው ከውስጥ እየደበደበ፣ እየጮኸ ሰጠመ። ያን ቀን ድረሱልን ቢባል ለጥበቃ ጀልባው ነዳጅ የለም ተባለ። የድሃ መረብ ነጥቀው በሚያቃጥሉበት ቀን ግን ነዳጅ አጥተው አያውቁም! በኋላ ስብርባሪው ተጎትቶ ሲወጣ የሟች ቤተሰቦች ተሰበሰቡና አንድ ነገር ለመኑ፤ ከብረቱ ወላድና በሽተኛ የምታሻግር ጀልባ ትሠራልን አሉ። እሺ ተባሉ።

ሙጋያ ሥራውን በነጻ ነው የያዘው። የደሴቲቱ ብቸኛ በያጅ እሱ ነው፤ ሰው ሁሉ ፉንዲ እያለ በሙያው ይጠራዋል። በዚያ አደጋ ማንም ያልሞተበትም ከሰፈሩ እሱ ብቻ ነበር። ለዚህ ነው በነጻ የሚሠራው፣ ደግ ሰው ነው ይሉታል። እማማ ንያቢሴ በየቀኑ ቅቅል ካሳቫና ዓሣ እያመጣች ስትመርቀው፣ ዓይኑን ከብየዳው አያነሳም። የንያቢሴን ልጅ ጠላቂዎች ያገኟት ከመርከቧ የኋላ በር ሥር ነበር፤ ሁለት እጆቿ በሩን እንደያዙ።

«ሻምበል፣ ገና አልተፈተሸችም» አለ ሙጋያ ተነስቶ አሸዋውን እያራገፈ።

ውሸት አልነበረም። እዚህ ሐይቅ ላይ ፉንዲ የሠራትን ጀልባ ከውጭ ኖራ፣ ከውስጥ ላምባ ሳይቀባ ውሃ አያስነካትም። ብየዳው ላይ የመርፌ ቀዳዳ እንኳ ካለ ላምባው ሾልኮ ኖራውን ያጠቁረዋል። ያ ሳይታይ የሐይቅ ሰው አይሳፈርም።

«ማን ጠየቀህ?» አለ ሻምበሉ። «በያጅ አይደለህ? በይድ። ትእዛዝ ነው።»

ንያቢሴ ነጭ እጇን እንደዘረጋች ወደፊት ወጣች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ልጄ ምጥ ይዟት ነው የተሳፈረችው። ከዚህ ብረት ውስጥ ሁለት ነፍስ ነው ያወጣሁት። ወንድሟ ዓሣ አስጋሪ ነው። እሷ በሞተችበት ላይ ቆማችሁ በሱ ላይ ልትተኩሱ ነው?»

ሻምበሉ፣ እናቴ ዞር ይበሉ፣ አላትና ወታደሩን ጄኔሬተሩን እንዲያስነሳ አዘዘው። ጄኔሬተሩ ተንደቀደቀ። መበየጃውን ራሱ ሻምበሉ አንስቶ ለሙጋያ አቀበለው፤ የሙጋያም እጅ እንደለመደው ተቀበለው። እጁ መቀበሉ አናደደው። ትእዛዝ ነው የሚለውን ቃል ከዚህ በፊትም ሰምቶታል፤ ያኔም እንዲሁ ተቀብሎ ነበር።

መበየጃውን አሸዋው ላይ ጣለው። ሄዶ ጄኔሬተሩን አጠፋና ጀልባዋ ላይ ወጣ። መሐል ላይ ለወላድ ያዘጋጀው የብረት አልጋ በማጠፊያ የሚነሳ ነበር። አነሳውና ገልብጦ ሆዱን ለሰው አሳየ። ጠርዙን ይዞ ዙሪያውን የሚሄድ አንድ የብየዳ መስመር ነበረበት። የሌላውን ብረት ብየዳ ሁሉ ሞርዶ አለስልሶታል፤ ይሄን ግን መሞረድ አልቻለም ነበር።

«ይሄ የኋላው በር ነው» አለ። «የመርከቧ ሹም፣ ሰው ቲኬት ሳይቆርጥ በዚህ እየሾለከ ይገባል፣ በይደው አለኝ። አደጋው ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው እኔ ነኝ የበየድኩት። ያኔም ትእዛዝ ነው ተብዬ ነው።»

የወደቡ ወፎች የተሰጣውን ዓሣ ሲለቅሙ የሚያባርራቸው ጠፋ።

«ሁለተኛ በትእዛዝ አልበይድም። ከፈለጋችሁ እሰሩኝ።»

ሻምበሉ፣ በያጅ ሞልቷል፣ ነገ ከማዶ አመጣለሁ፣ አንተንም አንረሳህም አለና፣ ማቆሚያውን አንስተው ጀልባዋ ላይ እንዲጭኑት ወታደሮቹን አዘዘ። ንያቢሴ ግን ቀድማቸው ወደ ጀልባዋ ተጠግታ ነበር። ኖራ የነካ ጣቷን የብየዳው መስመር ላይ አሳርፋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችበት፤ የተሰፋ ልብስ እንደሚፈትሽ ሰው፣ ቀስ ብላ። ጣቷ የትም አልሰረገም። ጥሩ ብየዳ ነበር።

ቀና ብላ ሙጋያን አየችው። በጥፊ ብትመታው፣ ፊቱ ላይ ብትተፋበት ደስ ይለው ነበር። እሷ ግን ዞራ በወታደሮቹ መሐል አለፈችና የመትረየሱ ማቆሚያ ላይ፣ እንደ በርጩማ፣ ቁጭ አለች።

ሊያነሱት ያጎነበሱት ወታደሮች ሻምበሉን አዩት፤ ሻምበሉ ሴቶቹን። ሴቶቹ አንድ በአንድ መጥተው ዙሪያዋን አሸዋው ላይ ተቀመጡ። ንያቢሴ ሁለት ነጭ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሐይቁን ታያለች። ጀርባዋን ለሙጋያ ሰጥታ ነበር።